«36 ቁጥር ነው» ከተባልኩ በኋላ፦ ቱሉ ዲምቱ ስላለችው የጥርስ ክሊኒክ

ጥርሴን ታክሜ የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ። እናቴንም ልጄንም እዚያው ወስጃቸዋለሁ። ሦስታችንም የተለያየ ችግር ይዘን ስለገባን ክሊኒኳን በደንብ አውቄያታለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠቅስም፤ ሐኪሟ ማስታወቂያ እንዳይመስልባት አደራ ብላኛለች። የሰፈሩ ሰው ግን ከዋናው አስፋልት ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሲገባ ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ አያጣትም።

መጀመሪያ እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ሁለት ወር ሙሉ የግራ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሰላም ነስቶኝ ነበር። ሲጀምር ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጠቅ ያደርገኝና ወዲያው ይተወኛል። ከዚያ ትኩስ ሻይም ጀመረው። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳልበላ ሳልጠጣ፣ ሌሊት ጎኔን ሳሳርፍ ጠብቆ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። በመጨረሻ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ከዚህ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሌላ ታክሲ፣ ከሰልፉ ጋር ግማሽ ቀኑ መንገድ ላይ አለቀ። ሐኪሙ አፌን ለሁለት ደቂቃ ያህል አየና ለረዳቱ «36፣ ኢሪቨርሲብል ፐልፓይቲስ፣ አር ሲ ቲ» ብሎ አስጻፈ።

«36 ምንድን ነው ዶክተር?» አልኩት።

«ጥርስሽ ነዋ።»

ሰው 32 ጥርስ ነው ያለው ሲባል ነው ያደግኩት። 36ኛው ከየት መጣ?

«አር ሲ ቲስ?»

«ነርቩ ይገደላል። ካልፈለግሽ ይነቀላል። ውጪ ክፍያ ጨርሰሽ ተመለሺ።»

«ነርቩ ይገደላል» የሚለው ነገር አስደነገጠኝ። ፊቴ ይጣመማል፣ ከንፈሬ እንደደነዘዘ ይቀራል ብዬ ነው ያሰብኩት። የሚያስረዳኝ ሰው ስላጣሁ የክፍያ መስኮቱን አልፌ በቀጥታ ወደ ታክሲ ሄድኩ። ሰፈር ስደርስ ፋርማሲ ገብቼ ማስታገሻውን ዳይክሎና አንቲባዮቲኩን አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ከሳምንት በኋላ ህመሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተመስገን ብዬ ነገሩን ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጉንጬ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞኝ ነቃሁ። ያን ቀን ከተማ የመሄድ አቅም ስላልነበረኝ ነው እዚህችው ሰፈር ክሊኒክ የገባሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወንበሩ ላይ አስቀምጣኝ መጀመሪያ ያነሳችው መርፌ አይደለም፣ እስክሪብቶ ነው። ወረቀት ላይ የተከፈተ አፍ ሳለች፤ መሃሉ ላይ መስቀል አድርጋ አራት ቦታ ከፈለችው። «የላይኛው ቀኝሽ 1፣ የላይኛው ግራሽ 2፣ የታችኛው ግራሽ 3፣ የታችኛው ቀኝሽ 4» አለች። ከዚያ በየክፍሉ ከፊት መሃል ጀምራ ወደ ኋላ እስከ 8 ቆጠረች። እና 36 ማለት «ሠላሳ ስድስተኛ ጥርስ» አይደለም። ሦስተኛው ክፍል፣ ስድስተኛው ጥርስ ማለት ነው። ሦስት፣ ስድስት። ይኸው ነው! በብዙ አገር የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አቆጣጠር ነው፤ ካርድሽ ላይ 36 ተጽፎ ሌላ አገር ብትሄጂ እንኳ ሐኪሙ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ያውቀዋል። የሕፃናት የወተት ጥርስ ደግሞ ክፍሉ ከ5 እስከ 8 ይቆጠራል፤ የወተት ጥርስ በጠቅላላ 20 ስለሆነ በየክፍሉ አምስት አምስት ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ በተለይ ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነ በጣም ይጠቅማል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እናንተን የሚያማችሁ ጥርስ አንድ መሆኑን ራሳችሁ ታረጋግጣላችሁ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ «ይቅርታ፣ ጎረቤቱ ነበር» አይሠራም።

ከዚያ ወደ ህመሙ መጣች። ጥርስ ሦስት ሽፋን አለው አለችኝ። ላይኛው ኢናሜል ነው፤ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር እሱ ነው፣ ግን አንዴ ከተቦረቦረ እንደ ቁስል አይሽርም፣ እንደ ጥፍር አያድግም። ከሥሩ ዴንቲን አለ፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ የሚሰማን መቦርቦሩ እሱ ጋ ሲደርስ ነው። መሃሉ ላይ ፐልፕ የሚባለው ለስላሳ ሥጋ አለ፤ የጥርሱ ነርቭና የደም ሥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፐልፓይቲስ ማለት እንግዲህ የዚያ ሥጋ መቆጣት ነው።

ያ የከተማው ሐኪም በአንድ ትንፋሽ ያለፈው ቃል ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር የነበረው «ኢሪቨርሲብል» የሚለው ነው። ቀዝቃዛ ነገር ነክቶት ጠቅ አድርጎ በጥቂት ሰከንድ የሚተው ከሆነ፣ ፐልፑ ተቆጥቷል ግን ሊመለስ ይችላል፤ የተቦረቦረውን አጽድቶ በመሙላት ብቻ የሚድንበት ዕድል አለው። ቀዝቃዛውን ካነሳሽ በኋላም ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ በትኩስ የሚብስ፣ ሌሊት ያለ ምንም ምክንያት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን አይመለስም። ኢሪቨርሲብል ማለት ያ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲያመኝ ብመጣ ምናልባት በአንድ ሙሌት እገላገል ነበር። ይህን ስትነግረኝ አንጀቴ ነው ያረረው።

«ታዲያ ህመሙ ለምን ጠፋ?» አልኳት።

«ስለዳነ አይደለም። ነርቩ ስለሞተ ነው። የሞተ ነገር አያምም። ግን እዚያው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ጀርሙ በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንቱ ይወርዳል፣ መግል ይቋጥራል።»

አብሴስ ሲሉ የምንሰማው ይህንን መግል ነው። አሞክሳሲሊኑ ለምን እንዳላዳነኝም ነገረችኝ። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። የሞተ ፐልፕ ውስጥ ደም አይገባም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ጀርሙ የተደበቀበት ጉድጓድ ውስጥ አይደርስም። እብጠትና ትኩሳት ሲኖር ያግዛል፣ ለእኔም ያን ቀን አዛልኛለች፣ ግን ምንጩ ካልጸዳ ተመልሶ ይመጣል። እባካችሁ ጥርስ ባመማችሁ ቁጥር ፋርማሲ ሄዳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ። እኔ ሦስት ሳምንቴን ያጣሁት በዚያ ነው። ደግሞ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ይህን በጣም አስጠንቅቃኛለች።

ከነገረችኝ ሁሉ ልቤን ያሳረፈው ግን የሚከተለው ነው። «ነርቩን እኔ አልገድለውም፤ ሞቷል። የእኔ ሥራ የሞተውን አውጥቶ ቤቱን ማጽዳት ነው። ከንፈርሽንና ፊትሽን የሚያዘው ነርቭ ሌላ ነው፣ እሱን አንነካውም።» በቃ። ሳምንታት የፈራሁት ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ያኛው ሐኪም ይህን ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር?

ከማመኗ በፊት ግን አጣርታለች። የመስታወቷን እጀታ ገልብጣ ጥርሶቼን አንድ በአንድ ኳ ኳ እያደረገች መታች። ከደህናዎቹ ጀመረች፦ 34፣ 35። ምንም የለም። 36 ላይ ስትደርስ ገና ቀስ አድርጋ ነክታው ከወንበሩ ብድግ አልኩ። ከዚያ ራጅ አነሳችኝና ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። የሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱ ነጭ መሆን ሲገባው እንደ ምስር ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ቦታ አለች። «መግሉ አጥንቱን የበላበት ነው» አለችኝ። በዓይኔ አየሁት። ከዚያ በኋላ «ይሠራ ወይስ ይቅር» ብሎ መጠራጠር አልነበረም።

አር ሲ ቲ ማለት ሩት ካናል ትሪትመንት ነው፤ የሥር ቦይ ህክምና ልትሉት ትችላላችሁ። የታችኛው ትልቁ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥር አለው፣ ውስጡ ግን ሦስት ወይም አራት ቦይ ይኖራል። የእኔ ሦስት ነበረው። በመጀመሪያው ቀን አደነዘዘችኝ፣ ጥርሱን ከላይ ከፈተችው፣ የታፈነው ሲወጣ ሽታው አፌን ሞላው፣ ግን ወዲያው ደግሞ ከጉንጬ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። ማደንዘዣው በተቆጣ ድድ ላይ ቶሎ እንደማይዝ ቀድማ ነግራኛለች፤ ቆይታ ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀዳዳውን በጊዜያዊ ሙሌት ዘጋችው። ጊዜያዊ ማለት ጊዜያዊ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ህመሙ ስለተወው ይቀራል፤ ሙሌቱ ይሸረፋል፣ ምራቅ ይገባል፣ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጥርሴ ብቻ በቀዳዳው እንዲወጣ አድርጋ ሰማያዊ ላስቲክ አፌ ላይ ዘረጋች። ምራቅ እንዳይገባ፣ የማጠቢያው ፈሳሽም ጉሮሮዬ ውስጥ እንዳይወርድ ነው። ፈሳሹ የበረኪና ዘር ነው፤ ሽታው ያስታውቃል። ቦዮቹን የምታጸዳበት ቀጫጭን መርፌ መሰል ነገር ፋይል ይባላል። እጀታው ቀለም ቀለም አለው፣ እንደ ውፍረቱ ይለያያል። አንድ ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ፋይሉ የሥሩ ጫፍ ሲደርስ ጢጥ ጢጥ ይላል። እሷ ስትሠራ እኔ የማዳምጠው እሱን ነበር፤ ፈጠን ሲል ቆመች፣ ለካች፣ ጻፈች። በሦስተኛው ቀጠሮ ቦዮቹን ጉታ ፐርካ በሚባል ሞላቻቸው። ጉታ ፐርካ ከዛፍ የሚገኝ፣ እንደ ጎማ ያለ ነገር ነው። ስለ ህመሙ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ከህክምናው ይልቅ ከዚያ በፊት ያለፉት ሌሊቶች ያሙ ነበር። ከሠራችኝ በኋላ ሁለት ቀን ስነክስበት ትንሽ ተሰማኝ፣ ከዚያ ተወኝ።

ከዚያ ክራውን መጣ። እኛ ሰፈር «ካፕ» ወይም ሽፋን ነው የሚሉት። እኔ «ህመሙ አለቀ አይደል? ሙሌቱ ይበቃኛል» አልኳት። አልተቆጣችም፣ አላስገደደችኝም። የመንጋጋ ጥርስ እንዲህ ከተቦረቦረና ከተከፈተ በኋላ ግድግዳው እንደሚሳሳ፣ ቆሎ ወይም አጥንት ሲነከስበት ከላይ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ እንደሚችል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ መንቀል እንጂ ሌላ መፍትሄ እንደሌለው ነገረችኝ። ክራውኑ ጥርሱን ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። ከዚያ «ገንዘቡ አሁን ከሌለሽ በዚህ ጎን ጠንካራ ነገር አትንከሺና ሲመችሽ ነይ» አለችኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ያኔውኑ ካላሠራሽ ብለው ይጨቀጭቁሻል። ወር ጠብቄ አሠራሁት።

ቢነቀልስ ኖሮ? እሱንም ጠይቄያት ነበር። ክፍት ከቀረ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ፣ ከላይ ያለው አቻው ደግሞ የሚገናኘው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። በብሪጅ መሙላት ይቻላል፤ ብሪጅ ማለት ድልድይ ነው፣ ግን ድልድዩ የሚቆመው ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ እነሱ ላይ ነው። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ያሳዝናል። ኢምፕላንት ደግሞ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው። ብሬነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ታይታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ አስተውሎ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሠርቶታል። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው ግን ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ይህች ክሊኒክ ኢምፕላንት አትሠራም። «እኔ አልሠራውም፣ ወደሚሠሩት እልክሻለሁ» ብላ በግልጽ ነግራኛለች። ይህም ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት የዛሬ ወር አይሠራም። የምነግራችሁ አሠራሩን ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይሰጣችኋል። በአንድ በኩል የህክምናው ስም፣ ከጎኑ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከዚያ ዋጋው። «አር ሲ ቲ 36፦ የጥርሱን ውስጥ ማጽዳትና መሙላት፣ ሦስት ቀጠሮ» ይላል የእኔው። የጽሑፉ አማርኛ የሐኪሟ የራሷ እጅ ነው። መጨረሻ ላይ የከፈልኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ በመሃል «ይህ ደግሞ ተጨማሪ ነው» አልተባልኩም።

የእኔው ገና ሳያልቅ እናቴን ወሰድኳት። እናቴ ስኳር አለባት። ድዷ ይደማል፣ የፊት የታችኞቹ ጥርሶቿ ይነቃነቃሉ። ለዓመታት «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ስትል ነው የኖረችው። ጥርስ እጥበት ስላት ደግሞ «እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል፣ የጎረቤቴን አይቻለሁ» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሐኪሟ እህል ቀምሰው እንዲመጡ እንዳትረሺ ብላኝ ስለነበር ቁርሷን አብልቼ መድኃኒቷን አስወስጄ ነው ያመጣኋት፤ የስኳር ታካሚ በባዶ ሆድ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም።

«እማማ፣ ድድዎ ሲደማ መቦረሽ ይተዋሉ?» አለቻት።

«አዎ ልጄ፣ እንዳይብስብኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ግን የሚደማው ቆሻሻው ስላለ ነው። ሲተዉት ይብሳል።»

እዚህ ላይ አምስት ቃል ተማርን። ፕላክ በየቀኑ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል፣ መፋቂያም በደንብ ከፋቁበት ያስለቅቃል። ካልለቀቀ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይጠነክርና ካልኩለስ ይሆናል፤ የጥርስ ድንጋይ። ድንጋዩ በብሩሽ አይነሳም፣ በመሣሪያ ብቻ ነው። ስኬሊንግ የሚሉት፣ እኛ እጥበት የምንለው ሥራ ያንን ማንሳት ነው። ድዱ ብቻ ተቆጥቶ የሚደማ ከሆነ ጂንጂቫይቲስ ይባላል፣ ከጸዳ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ከጀመረ ግን ፔሪዮዶንታይቲስ ነው። የተበላው አጥንት ተመልሶ አይመጣም፣ ባለበት ማቆም ነው የሚቻለው። የእናቴ ሁለተኛው ነው።

ታዲያ «እጥበት ያነቃንቃል» የሚባለው? ሐኪሟ አላጣጣለችባትም። «ያዩት ነገር እውነት ነው እማማ» አለቻት። አጥንቱ ቀድሞ ተበልቷል፤ ድንጋዩ ጥርሶቹን እርስ በርስ እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ስለያዛቸው አይታወቅም ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል። እጥበቱ አላመጣውም፣ አሳየው። ደግሞ ስኳርና የድድ በሽታ እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፣ ድዱ ሲቆጣ ስኳሩን መቆጣጠር ይከብዳል። እናቴ ዓመታት ክትትል ስታደርግ ይህን የነገራት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ከዚያ ጫፏ ላይ መስመር መስመር ያላት ቀጭን መለኪያ ይዛ በጥርስና በድድ መሃል እያስገባች ቁጥር መጥራት ጀመረች። «ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት...» ረዳቷ ይጽፋል። ይህ ፖኬት ይባላል፣ ኪስ ማለት ነው። ጤነኛ ድድ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ኪስ ተፈጥሯል ማለት ነው። የእናቴ ትልቁ 6 ነበር። እናቴ ቁጥሩን ጠይቃ በራሷ ደብተር፣ የስኳር ልኬቷን በምትጽፍበት ላይ አስጻፈችው።

የልጄን ላሳጥረው፤ ግን ወላጆች ይህን አንብቡልኝ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። የታችኛው የኋላ ጥርሱ ላይ ቡናማ ቀዳዳ አይቼ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብዬ ትቼው ነበር። አልነበረም። በስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። የሚወድቅ ነገር ስላላየን አዲስ ጥርስ መሆኑ አይታወቀንም። ያ ጥርስ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። ካርዱ ላይ 46 ነው የተጻፈው፤ በ8 ቢጀምር የወተት ነበር። አሁን ቁጥሩን ማንበብ ስለምችል እሷ ሳትነግረኝ ገባኝ! ቀዳዳው ገና ጥልቅ ስላልነበረ በአንድ ቀን ተሞላ። ሌሎቹ ሦስቱ አዳዲስ ቋሚ መንጋጋዎች ላይ ሲላንት ይደረጋል ተባልን፤ ጥርሱ ላይ ያሉትን ስንጥቆች ምግብ እንዳይገባ የሚደፍን ስስ ሽፋን ነው፣ መሞረድም መርፌም የለውም። ስለ ጣፋጭ ደግሞ ዋናው ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ መሆኑ ነው አለችኝ። ከረሜላውን ምግብ ላይ አንዴ ቢበላ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ሲመጥ ከሚውል። ስኳር የበዛበትን ሻይ እየደጋገምን ቀኑን ሙሉ የምንጠጣ ትልልቆችም እንደዚያው ነን።

ወረፋ ስጠብቅ ወንጂ ያደገች አንዲት ሴት አጠገቤ ነበረች። ጥርሷ ቡናማ ነው፤ ታሳጥበዋለች፣ አይለቅም፣ ሰው ፊት ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ፍሎሮሲስ ነው ተብላ ነበር የወጣችው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት፣ ያን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ቆሻሻ አይደለም፣ የእሷም ጥፋት አይደለም። ውሃውን ማፍላትም አያወጣውም። «ዕድሜዬን ሙሉ አትቦርሺም ወይ እባል ነበር» አለችኝ። እንባ ነበር ዓይኗ ላይ። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ መጠኑ የተለካና የሚተፋ ነው፣ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ተፍቶ በውሃ አለመጉመጥመጥ ይሻላል ተብለናል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንደኛ፣ ፎቁ ሊፍት የለውም። እናቴ ደረጃውን ሁለት ቦታ አርፋ ነው የወጣችው። ሁለተኛ፣ ስልክ አያነሱም፤ ቀጠሮ ለመያዝ በአካል መሄድ አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ ስታስረዳ ሰዓቱ ይገፋል። የ8 ሰዓት ቀጠሮዬ 9 ሰዓት ከሩብ ነው የገባሁበት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እኔ ብታስረዳኝ መጠበቁን እመርጣለሁ፣ ግን ሰዓቱን አስተካክለው ቢሰጡ ምን ነበረበት? አራተኛ፣ መንጋጋን በሙሉ በአንዴ የሚያነሳው ትልቁ ራጅ የላቸውም። ወንድሜ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ አግድም በቅሎ፣ ኢምፓክትድ የሚሉት ማለት ነው፣ ለዚያ ራጅ ወደ ከተማ ተልኳል።

ወንድሜን ካነሳሁ አይቀር፦ ጥርሱን ሌላ ቦታ አስነቅሎ ማታውኑ «ጀርም ይገድላል» ብሎ በአረቄ ተጉመጠመጠ። በሦስተኛው ቀን እንደ እሳት የሚያቃጥል ህመም ይዞት እዚህች ክሊኒክ መጣ። ድራይ ሶኬት ነው። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ እሱ ከተነቀለ አጥንቱ ይጋለጣል። የመጀመሪያውን ቀን አለመጉመጥመጥ፣ አለማጨስ፣ በስትሮ አለመጠጣት። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ያለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ መያዝ ይቻላል። የነቀሉለት ቦታ ጥጥ አስነክሰው ነው የሸኙት፣ አንድም ቃል ሳይነግሩት።

ንጽህናቸውን ሳልጽፍ እንዳላልፍ። መሣሪያው በታሸገ ከረጢት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ፊታችሁ ነው የሚቀደደው። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት በእንፋሎት ማሽኑ ሙቀት ካለፈ ቀለሙ ይቀየራል፤ ጠይቄ አሳይታኛለች። የትም ብትሄዱ ይህን ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

እናቴ በሦስተኛው ወር ትናንት ተመልሳ ተለክታለች። ደረጃውን ስትወጣ አማረረች፣ ሲለኳት ግን ቁጥሩ በተጠራ ቁጥር ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር። ማታ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ ከጓዳ ሰማኋት። «ኪሱ ስድስት ነበር፣ አሁን አራት ገብቷል» ትላለች። «የምን ኪስ?» አለቻት መሰለኝ፣ እናቴ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዙራ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳት ገባች።